ነጭ እብነ በረድ ወይስ ጥቁር ግራናይት? የአንድ ደብረ ማርቆስ ማድቤት የጉዳይ ጥናት

ቤቱ ደብረ ማርቆስ ነው። ባለ ሦስት መኝታ ቪላ፣ ከጀርባው ሰርቪስ አለው። ግድግዳውና ጣራው አልቋል፤ የቀረው ፊኒሺንግ ነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ቤቱን የሠሩት በቁጠባ፣ በዕቁብና በብድር ነው። የሚስትየዋ እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ሚስትየዋ አብሮ አደጌ ናት። የኔ ሥራ የቤት ፊኒሺንግ ስለሆነ "ና እስቲ ኪችኑን እየው" ብላ ጠራችኝ።

ጥያቄዋ አንድ ነበር። ካቢኔቱ ላይ ምን ይግባ? መልሱን ግን ቀድማ ጨርሳዋለች። አዲስ አበባ እህቷ ቤት ነጭ እብነ በረድ አይታለች። ፎቶው ስልኳ ላይ አለ። "ይሄንን ነው የምፈልገው፤ አንተ ልኩን ብቻ ንገረኝ" አለችኝ።

ለካሁ። ኪችኑ ማዕዘን ይዞ የሚዞር ነው። ረጅሙ ወገን 3 ሜትር ከ60፣ አጭሩ 1 ሜትር ከ80፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር። ማዕዘኑን አንዴ ብቻ ቆጥረን 2.9 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 2 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ በካሬ ወደ 54 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ካቢኔቱ ላይ የሚጫነው ወደ 155 ኪሎ ነው። አናጢው በችፑድ ሊሠራው ነበር ያሰበው። ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

ማን ነው የሚያበስለው?

ልኩን ከያዝኩ በኋላ ጠየቅኳት።

"እዚህ ማን ነው የሚሠራው?"

"እንዴ! እኔ ነኛ።"

"ምን ምን?"

ቆጠረችልኝ። ጠዋት ሻይና እንቁላል። ማታ አልፎ አልፎ ፓስታ። የልጆቹን ምሳ ማሞቅ። ወጡስ? ወጡ ሰርቪስ ቤት ነው። እንጀራውስ? እሱም ሰርቪስ ቤት። ሽንኩርት መክተፉ፣ ቅቤ ማንጠሩ፣ በርበሬ ማቁላላቱ፣ ሁሉም ከጀርባ ነው። ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ተብሎ።

በኛ አካባቢ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው አቅሙ ከፈቀደ ሁለት ማብሰያ ይሠራል። የውስጡን እንግዳ ያየዋል። የጀርባው ቤተሰቡን ያበላል። ብሩ የሚሄደው ግን ወደ ውስጡ ነው። እነዚህም ለውስጡ ኪችን ከአዲስ አበባ የሚመጣ እብነ በረድ መድበዋል። ለጀርባው ማድቤት የተመደበው "ግንበኛው በተረፈው ሲሚንቶ ሊሾ ያደርግላታል" የሚል ቃል ብቻ ነው።

የዕለት ተዕለት ሥራ የሚችል ነገር ፈልግልኝ ከተባልኩ፣ የዕለት ተዕለት ሥራው ያለው ጓሮ ነው። ይህን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ባሏ ግን አልሳቀም። "ሰርቪስ ላይ ግራናይት? ሰው ምን ይለናል!" አለ። እውነቱን ነው፤ የሰው አፍ ቀላል ወጪ አይደለም።

የማኅበሩ ዋዜማ

ከመወሰናችን በፊት ሥራ ሲሠራ ልይ አልኩ። ጥሩ አጋጣሚ ተገኘ። የእማማ የማርያም ማኅበር ተራ ደርሶ ለ21 እየተደገሰ ነበር። ማድቤቱ ገና ልስን አልነካውም፤ ሥራው ግን አንድም ቀን አልቆመበትም።

እማማ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። መክተፊያው ጭናቸው ላይ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሽንኩርት የከተፉት ቁጭ ብለው ነው። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ለእሳቸው ግድግዳ ማለት ነው። አጠገባቸው መሬት ላይ ሙቀጫ አለ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዘነዘና ይወቀጥበታል። ወለሉ በእያንዳንዱ ምት ይሰማዋል።

ዶሮው በሎሚና በጨው ይታጠባል። ደጋግሞ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ። የተጨመቀው ሎሚ ጎን ላይ ይጣልና እዚያው ይውላል። እርድ አልጫው ውስጥ ሲገባ የሠራተኛዋ ጣት ቢጫ ይሆናል፤ ጣቷ የነካውም ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ቁሌቱ ሲንተከተክ ቀይ ዘይት ይፈናጠራል። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ቂጡ ጥላሸት ነው። የሚያርፈውም ቅርብ ያለው ነገር ላይ ነው። ትኩስ ድስት ይዞ ማስቀመጫ ጨርቅ የሚፈልግ ሰው አላየሁም።

ሊጡ ለብቻው ይነገር። ከቡሃቃው ወደ ጆግ፣ ከጆግ ወደ ምጣድ ይሄዳል። በየመንገዱ ይንጠባጠባል። በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 3.5 አካባቢ ነው። ሎሚን አያህልም፤ ከቲማቲም ግን የባሰ አሲድ ነው። ጠብታውን ወዲያው የሚጠርገው የለም። ይደርቅና በማግስቱ በቢላ ይፋቃል። ያ ማለት አሲዱ ሌሊቱን ሙሉ ሥራውን ሲሠራ ያድራል።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ የሚወላከፍ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የምጣዱ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ የተለመደው የኪችን ጠረጴዛ ወርድም 60 ነው። ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ሲል ምጣዱ ወደ ፊት ይወጣል። ሰፌዱ ደግሞ የት ይቀመጥ? ወንበር ላይ ነበር። ሠራተኛዋ ልጅ እንጀራውን አውጥታ ሰፌዱ ላይ ለማሳረፍ በየጊዜው ዞር ትላለች። ምጣዱ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢወጣ ደግሞ አክንባሎው ሲነሳ እንፋሎቱ ቀጥታ ፊቷ ላይ ነው። የኪችን ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ካታሎግ ውስጥ ምጣድ የለም። ስለዚህ መደበኛ ልክ የሚባለው ነገር ለኛ ሥራ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

የአንድ ሌሊት ፈተና

ክርክር ከምናበዛ እንፈትን አልኩ። ማርብል ቆራጮች ግቢ ውስጥ ቁርጥራጭ ሞልቷል፤ ለምነህ ነው የምትወስደው። ነጭ እብነ በረድ፣ ጥቁር ግራናይት፣ ፈካ ያለ ግራጫ ግራናይት፣ የፖርስሊን ታይል ስባሪ አገኘሁ። አናጢው ፎርማይካ የተለበጠ ችፑድ ቆርጦ ሰጠኝ። ግንበኛው ቀደም ብሎ የሠራው የሊሾ ናሙና ነበረው። ሁሉንም ማድቤት ውስጥ ደረደርናቸው።

በእያንዳንዱ ላይ የሎሚ ጭማቂ፣ እርሾ፣ በውሃ የተበጠበጠ እርድ፣ የበርበሬ ቁሌትና ቡና ጠብ ጠብ አደረግን። አደረ። ጠዋት በስፖንጅና በላርጎ ታጠበ።

ነጩ እብነ በረድ ላይ እርሾው ባረፈበት ቦታ ክብ ምልክት ቀርቷል። ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ዙሪያው ያብረቀርቃል፤ ክቡ ፈዟል። በጣት ሲዳስሱት ሻከር ይላል። ሎሚው ያረፈበት ደግሞ ብሷል። አብሮ አደጌ ቆሻሻ መስሏት ደጋግማ ፈተገችው። አይሄድም። ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ይሄድ ነበር፤ እዚህ ግን ድንጋዩ ራሱ ነው የተበላው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ገደሉ ላይ የምናየው የኖራ ድንጋይም ያው ነው። የኖራ ድንጋይ ከመሬት ሥር በሙቀትና በግፊት ሲለወጥ እብነ በረድ ይሆናል። ውበቱ ይለወጣል፤ የአሲድ ፍራቻው ግን አብሮት ይኖራል። ሻጮች "ሲለር ትቀቢዋለሽ" ይላሉ። ሲለር ዘይትና ቀለም ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያዘገያል። አሲድ የላይኛውን ገጽ እንዳይበላ አያደርግም። ይህን ልዩነት የሚነግርህ ሻጭ ካገኘህ ደንበኛው ሁን።

እማማ ቁርጥራጩን አንስተው አዩት። "ይሄማ እንደኔ ጨጓራ ነው፤ ኮምጣጣ አይችልም" አሉ። ለኔ ማብራሪያ ምንም አልቀረኝም።

ፈካ ያለው ግራናይት አሲዱን ችሏል። ቁሌቱ ግን ገብቶበት ጠቆር ያለ እድፍ ተወበት። ግራናይት ከሩቅ ሲያዩት ድፍን ይመስላል፤ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ይሄኛው ሲለር በየጊዜው ይፈልጋል። ጥቁሩ ላይ ምንም አልታየም። ምናልባት ጥቂት ገብቶበት ይሆናል፤ ጥቁር ግን ገመና ይሸፍናል። ፖርስሊኑ ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በዓለም አቀፉ የታይል መለኪያ ፖርስሊን የሚባለው ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ ውሃ የማይመጥ ነው። የሚጠጣ ነገር ከሌለ የሚያድፍም ነገር የለም።

ሊሾው ሎሚው ባረፈበት ላይ አሸዋው ብቅ ብሏል። ሲሚንቶም ኖራ አለበትና አሲድ ይበላዋል። እርዱም አልለቀቀውም። ፎርማይካው ላይ እርዱ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ትቷል። ከከሰል የወረደ ድስት ስናስቀምጥበት ግን ፊቱ አበጠ፤ ሽታውም ደስ አይልም። ጠርዙን ውሃ ውስጥ ነክረነው ስለነበር ችፑዱ ወፍሮ ፎርማይካው ተላጠ። ላቫንዲኖ አጠገብ ምን እንደሚገጥመው በዚህ ታወቀ።

የመጨረሻው የቢላ ነው። የእማማን የሽንኩርት ቢላ በየገጹ ላይ ጎተትኩት። እብነ በረዱ ላይ ነጭ ጭረት ቀረ። ጥቁሩ ግራናይት ላይ ግራጫ መስመር ታየ፤ በጣት ሲታሽ ጠፋ። መስመሩ የቢላው ብረት ነበር። በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ፣ የቢላ ብረት 5.5 ገደማ፣ ግራናይት ከ6 እስከ 7 ነው። ገበያ ላይ ሁሉንም የሚያብረቀርቅ ድንጋይ "ማርብል" የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ይህችን ዘዴ ያዙ። የቢላ ጫፍ በማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩ፤ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል።

"እህቴ ቤት ግን ምንም አልሆነም" አለች አብሮ አደጌ፣ የመጨረሻ መከላከያዋን ስታቀርብ።

"እህትሽ እንጀራ ትገዛለች" አልኳት። ዝም አለች።

ያልተመረጡት

ኳርትዝ የሚባለውን ፋብሪካ የሚሠራ ድንጋይ ባሏ በስልኩ አይቶ አምጥቶ ነበር። ከክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ የተፈጨ ኳርትዝ ነው፤ ቀሪው ሬዚን የሚባል የፕላስቲክ ማጣበቂያና ቀለም ነው። አሲድም እድፍም ይችላል። ሬዚኑ ግን ሙቀት አይወድም። 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል፤ ከእሳት የወረደ ድስት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ማስቀመጫ የማይፈለግበት ቤት ውስጥ አይሆንም።

ስቴንለስ ስቲል ለሆቴል ምርጥ ነው። ለቤት ግን ዋጋውም ድምፁም አልተወደደም። የዋንዛ ጣውላ ለመክተፊያ ደስ ይላል፤ ሁልጊዜ እርጥብ ለሆነ ቦታ ግን አልመክርም። ቴራዞ የእብነ በረድ ጠጠርና ሲሚንቶ ነው፤ እርሾ ሁለቱንም ይበላቸዋል።

ግንበኛው አንድ ያልጠበቅኩት ሐሳብ አመጣ። "የራሳችን ጥቁር ድንጋይስ?" አለ። ማርቆስ ዙሪያ ከጮቄ ወዲህ ያለው ድንጋይ ባሳልት ነው። ቤት ይሠራበታል፣ ወፍጮ ይሆናል። አሲድም እሳትም ይችላል። ችግሩ ቀዳዳ የሚበዛበት መሆኑና ወደ ቀጭን ሰሌዳ ሰንጥቆ የሚያለሰልሰው ማሽን በቅርብ አለመኖሩ ነው። ለጠረጴዛ አልሆነም። ሐሳቡ ግን አልተጣለም፤ ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

የተወሰነው

ገንዘቡ ተገለበጠ። ትልቁ ድርሻ ወደ ጀርባው ማድቤት ሄደ። ባልየው እስከ መጨረሻው አጉረመረመ። ያሳመነው የኔ ኬሚስትሪ አይደለም። ሚስቱ "እንግዳው የሚበላው ከየት ወጥቶ ነው?" ስትለው ነው ነገሩ ያለቀው።

ማድቤቱ ውስጥ በአንዱ ግድግዳ 2 ሜትር ከ40 የሚረዝም አርማታ ተሞላ። እግሩ የተገነባ ብሎኬት ነው። ችፑድ የሚባል ነገር አልገባበትም። ከላይ ባለ 2 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ግራናይት ለበሰ። ላቫንዲኖውና የጋዝ ምድጃው እዚህ ናቸው። ከፍታው 88 ሴንቲ ሜትር ነው። ልጅቷ ክርኗን አጥፋ ስትቆም ከክርኗ ትንሽ ዝቅ እንዲል አድርገን ነው የወሰንነው።

የምጣዱ ቦታ ለብቻው ነው። ከፍታው 70 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 75፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40። ምጣዱና ሰፌዱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ላዩ 60 በ120 የሆነ የፖርስሊን ታይል ነው። ትልቅ ታይል የመረጥነው መገጣጠሚያ እንዲያንስ ነው። ታይል ራሱ አያድፍም፤ የሚያድፈው በመሃሉ የሚሞላው ሲሚንቶ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩንም ለብቻው አስጎተትን። ምጣድ ከ3 ተኩል ኪሎዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ከፍሪጅና ከካውያ ጋር በአንድ መስመር ማዛመድ ጠብ መፈለግ ነው።

ለእማማ መደብ ተሠራ። የድሮ ቤት መደብ ለመቀመጫና ለመኝታ ነበር፤ ይሄኛው ጠረጴዛቸው ነው። ዱካው ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ሥሩ እንዲገባ ከፊት ክፍት ተደረገ። ከፍታው ትንሽ ከ45 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ከላይ የተረፈው ታይል ገባበት። ከመደቡ ጎን፣ ወለሉ ላይ፣ ግንበኛው አንድ ጥርብ ጥቁር ድንጋይ ቀበረ። ሙቀጫው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ምቱን መሬቱ ይቀበላል፤ ታይሉ ምንም አይሰማውም።

የውስጡ ኪችንስ? ነጭ ሆነ። ግራጫ ሥር የሚያሳይ፣ እብነ በረድ የሚመስል ፖርስሊን ታይል ነው። እንግዳ ነክቶ ካልጠየቀ አይለየውም። እውነተኛውን እብነ በረድ ግን ፈጽማ አልተወችውም። የምግብ ቤቱ ቡፌ ላይ አንድ ሰሌዳ አስገባች። እዚያ አይከተፍ፣ አይቦካ። ነጭ እብነ በረድ አገራችን ውስጥም ይወጣል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያለው የዳለቲ እብነ በረድ የታወቀ ነው። እሷ ያገኘችውም ያገር ውስጥ ነው፤ ለቡፌ ከበቂ በላይ ነው።

ድንጋዩ ዓባይን ሲሻገር

ዋጋ አልጽፍም። ግራናይቱ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሠራም። ከምርጫው በላይ ያስጨነቀን ግን መንገዱ ነው።

አዲስ አበባ ስትገዛ ሁለት ነገር እንድታደርግ ነግሬያት ነበር። አንደኛ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አሴቶን አድርጋ ጥቁሩን ድንጋይ እንድታሽ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውም ይሆናል። ግራጫ ግራናይት በቀለም አጥቁረው የሚሸጡ አሉ፤ ጨርቁ ከጠቆረ ትተሽው ውጪ ነው። ሁለተኛ፣ ውሃ ጠብ አድርጋ ጥቂት ደቂቃ እንድትጠብቅ። ድንጋዩ ከጠቆረ ይጠጣል። ያመጣችው ሁለቱንም አልፏል።

ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለትና ዳገት መኪናውንም ጭነቱንም ይፈትናል። የድንጋይ ሰሌዳ በጠርዙ ቆሞ፣ ተደግፎና ታስሮ ነው የሚጓዘው። ቆሞ ሲሄድ ራሱን ይችላል። ተኝቶ ሲሄድ መሃሉ ይርገበገባል። የጫኑት ሰዎች ይህን አልሰሙም፤ አስተኝተው የታይል ካርቶን ከላዩ ደረደሩበት። የላቫንዲኖው ቀዳዳ ደግሞ እዚያው ተቆርጦ ነበር። ከቀዳዳው ፊት ለፊት የምትቀረው ቀጭን ወገን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት። ማርቆስ ሲደርስ ከማዕዘኑ ተሰንጥቆ ተገኘ።

የተሰነጠቀው ለዞኮሎ፣ ማለትም ግድግዳው ላይ ለሚለጠፈው ጠባብ ጠርዝ፣ ተቆረጠ። ለላቫንዲኖው ከሌላው ሰሌዳ ግቢ ውስጥ አዲስ ቀዳዳ አወጣን። በዚህ ጊዜ ማዕዘኖቹ በቀጥታ አልተቆረጡም። መጀመሪያ አራቱም ጥግ ላይ ክብ ቀዳዳ ተበሳ፤ ከዚያ መስመሩ አገናኛቸው። ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው። ክብ ከሆነ መነሻ ያጣል።

ቆራጩ ወጣት ልጅ ነው። እጁ ጥሩ ነው፤ የሚቆርጠው ግን በደረቁ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ግቢው በነጭ ጉም ተሸፈነ። ግራናይት ውስጥ ሲሊካ አለ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን በሽታ ያመጣል። የኳርትዙ ብናኝ ይብሳል። አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ሰው ሠራሽ ድንጋይን ከሰኔ 24 ቀን 2016 ጀምሮ አግዳለች። ልጁ ይህን ሲሰማ "እኔን ግን እስካሁን ምንም አላለኝም" አለ። የሃይላንድ ክዳን በምስማር በስተን አንድ ሰው ከጎኑ ምላጩ ላይ ውሃ እንዲያንጠባጥብ አደረግን። አቧራው ወዲያው ጭቃ ሆነ። ጭንብልም ገዛንለት፤ እስከ ምሳ ሰዓት አደረገው። ኤሌክትሪክና ውሃ አንድ ላይ ስለሆኑ ገመዱ ከመሬት ተነስቶ ተሰቀለ።

አንድ ነገር ለመንነው፤ ከጠርዙ ሥር፣ በታችኛው ገጽ ላይ፣ ከዳር 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ቀጭን ቦይ እንዲያወጣ። ውሃ ከጠረጴዛው ላይ ሲፈስ በጠርዙ ዞሮ ሥር ሥሩን ወደ ውስጥ ይሄዳል። ቦይዋ ጋ ሲደርስ ግን ይንጠባጠባል። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የማይጠይቅ ደንበኛ ግን አይሠራለትም።

ከዓመት በኋላ

ግራናይቱ አንድ ጉዳት አለው። ጠርዙ ላይ ባቄላ የምታክል ስባሪ ወጥታለች። ልጅቷ "ለዛሬ ብቻ" ብላ ሙቀጫውን ከመሬት ወደ ላይ አውጥታው ነበር። ዘነዘናው ስቶ ጠርዙን አገኘው። ሌላው ገጽ እንደ መጀመሪያው ነው። የማኛ ዱቄት ሲራገፍበት ግን ያስታውቃል፤ ደረቅ የውሃ ነጠብጣብም ይታይበታል። ሥራ የሚበዛበት ማድቤት ውስጥ ጥቁር ድንጋይ ቀን ከሌት ይጠረጋል። ልጅቷ በዚህ ነገር እኔን አትወደኝም።

የምጣዱ ቦታ ከሁሉም ተመስግኗል። ሊጥ ይፈሳል፣ ይደርቃል፣ በማግስቱ በቢላ ይፋቃል፤ ፖርስሊኑ ግድ የለውም። እንጀራ ስትጋግር መዞሩ ቀረላት። ጎረቤቶች መጥተው ያዩት ግራናይቱን ሳይሆን ይህን ነው። አንዷ ልኩን በክር ለክታ ሄደች።

መደቡ ላይ እማማ ይከትፋሉ፣ ጤፍ ያበጥራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡና ያቀርቡበታል። መክተፊያው ከጭናቸው ወርዷል። ወገባቸውን አሻሽሎት እንደሆነ ስጠይቃቸው "ወገብማ በምን ይሻላል፣ ዕድሜ ነው" አሉኝ። ዱካውን ግን ከዚያ ማንም አያነሳውም።

የውስጡ ኪችን እንደተሠራ ነው። ሻይ ብቻ ይፈላበታል። ቡፌው ላይ ያለው እብነ በረድ በፋሲካ ማግስት የሎሚ ሻይ ብርጭቆ ክብ አትሞበታል። አብሮ አደጌ ምን እንደሆነ ስላወቀች አልፈተገችውም። ጥልፍ ጣል አደረገችበት። ጠቅላላ ወጪው ከመጀመሪያው ዕቅድ ብዙም አልራቀም፤ የተሰነጠቀውን ሰሌዳ ጨምሮ።

ያልተፈታው የታይሉ መገጣጠሚያ ነው። በመሃል የሞላነው ነጭ ሲሚንቶ ነበር። መደቡ ላይ ያለው መስመር በርበሬና ቅቤ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል። መፍትሔው እሱን ፍቆ ኤፖክሲ የሚባለውን ሙጫ መሙላት ነው። ኤፖክሲ አይመጥም፤ አሲድም አይበላውም። ማርቆስ ላይ ስላላገኘን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እየጠበቅን ነው። እስከዚያው እማማ መስመሩን በሎሚ ይፈትጉታል። ሎሚው ሲሚንቶውን እየበላው እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። "ይብላው ልጄ፣ ይንጻ እንጂ!" ይላሉ።